በአንድ ቤት ሁለት ዓይነት ደም

እኛ ቤት ስለ ደም ሳይወራ ምሳ ተበልቶ አያውቅም ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር የከተማው ምርጥ ደምና የከተማው መናኛ ደም አብረው ይኖሩ ነበር። ምርጡ የባሌ እህት ደም ነው፤ ሯጭ ናት። መናኛው የእኔ ነው።

የእሷ ሄሞግሎቢን፣ የቀይ ደሟ መጠን፣ በየጊዜው ይለካል። ውጤቱን አሰልጣኟ ለአማቴ በስልክ ይነግራቸዋል፤ አማቴ ደግሞ ስልኩን ሳይዘጉ ለጎረቤት ያሰማሉ። «አሥራ ስድስት ገባላት፣ ማሻአላህ!» ይላሉ፣ ልጅቷ ቤት የሠራች ይመስል። የእኔ ደህና በሆንኩበት ቀን ስምንት ነው። ስምንትን ለጎረቤት ማሰማት አያስፈልግም፤ ፊቴ ላይ ይታያል።

የተወለድኩት ከአሶሳ ወዲያ ባለ ቆላ ነው። እኛ ጋ እጅና እግሩ አብጦ የሚያለቅስ ሕፃን ብርቅ አይደለም። «አጥንቱን ነው» ይባላል፣ በዘይት ይታሻል፣ የተረፈ ይተርፋል። ታላቅ ወንድሜ በሰባት ዓመቱ ሞተ። የእኔ ሕመም ስም ያገኘው ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ፈተና ክፍል ውስጥ ራሴን ስቼ ክሊኒክ የተወሰድኩ ዕለት ነው፤ ሲክል ሴል ነው አሉኝ። ቀይ የደም ሕዋሶቼ ክብ መሆን ሲገባቸው፣ ሲበርደኝ ወይም ውሃ ሲጠማኝ ወይም ሲደክመኝ ታጥፈው ማጭድ ይመስላሉ። ማጭዱ ጠባብ የደም ሥር ውስጥ ይሰነቀራል፣ ከኋላው የሚመጣው ደም መሄጃ ያጣል፣ ያኔ አጥንቴን በመጋዝ የሚቆርጡብኝ ያህል ያመኛል። በሽታው የሚይዘው ከእናትም ከአባትም ለወረሰ ሰው ነው። ከአንዱ ብቻ የወረሰ ተሸካሚ ይባላል እንጂ አይታመምም።

እንግዲህ ብርድና ከፍታ ለማይስማማው ለዚህ ደም ተስማሚ ቦታ ሲፈለግ፣ ሥራ የተገኘልኝ አሰላ ነው። የባዮሎጂ መምህርት ሆኜ መጣሁ። የአሰላ ሰው በሃይማኖት ይለያያል፣ በቋንቋም ይለያያል፣ «ብርድ ጤና ነው» በሚለው ላይ ግን አንድ ነው። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ፊቱን ሲገርፈው ደስ ይለዋል፤ ቆላ የሄደ ዘመዱ ሲታመም «ሙቀቱ ነው» ይላል። እኔ ካፖርት፣ ሻርፕ፣ ሁለት ካልሲና ሹራብ በሹራብ ለብሼ ሳስተምር ተማሪዎቼ «ሽንኩርት» የሚል ስም አወጡልኝ። ስሙ ተስማምቶኛል፣ አልተቀየምኩም።

በየዓመቱ የዘር ውርስ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ማጭዷን ሰሌዳ ላይ እስላለሁ፣ ተማሪዎቹ ይገለብጣሉ። ሁልጊዜ አንዱ እጁን ያወጣል። «ቲቸር፣ ይሄ በሽታ እኛ ሀገር አለ?» «አለ።» «የት?» ይህን ጊዜ ካርታው ላይ የምዕራቡን ቆላ አሳያለሁ። ማሳያው ፊት ለፊቱ ቆሞ ጠመኔ እንደያዘ ነግሬው አላውቅም።

የባሌን እህት ያወቅኋት በዚያ ክፍል ነው። ከኋላ ወንበር ላይ ትተኛ ነበር። በማለዳ ሃያ ኪሎ ሜትር ሮጣ የመጣች ልጅ ስለ ዘር ውርስ ምን ግድ አላት? ወላጅ አምጪ አልኳት። አባቷ ስላረፉ ታላቅ ወንድሟ መጣ፤ የኮምባይነር መለዋወጫ ሱቅ ያለው፣ እጅ ለመጨበጥ የሚያፍር ሰው። ለአንድ ቀን ነበር የተጠራው፤ እህቱ ማንቀላፋቷን ካቆመች በኋላም ግን መምጣቱን አልተወም።

ሊያገባኝ ሲል ሁሉንም ነገርኩት፣ እንዲመረመርም ጠየቅሁት። «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለ። በእኔም ዘር የለም ሲባል እንደነበር ነገርኩትና አዲስ አበባ ሄዶ ተመረመረ። ነፃ ነው። ልጆቻችን ተሸካሚ ይሆናሉ እንጂ አይታመሙም ማለት ነው። ወረቀቱን ላሚኔት አስደርጎ ሱቁ ውስጥ ከንግድ ፈቃዱ ጎን ሰቀለው። ከኢተያና ከሁሩታ ቀበቶና ማጣሪያ ሊገዙ የሚመጡ ገበሬዎች ምንነቱን ሲጠይቁት «የደም ማረጋገጫ ነው» እያለ ያስረዳቸዋል፤ አንዳንዶቹ የኮምባይነር ዋስትና መስሏቸዋል።

ሳረግዝ መላው ሰፈር ሐኪም ሆነ። «ደም ማነስ ነው» የሚለውን ሁሉም ሰምቷል፤ ደም ማነስን የማያክም ሰው ደግሞ በአርሲ አልተፈጠረም። አማቴ በየማለዳው ሁለት ብርጭቆ የቀይ ሥር ጭማቂ ያቀርባሉ፤ አንዱ ለሯጯ እንዲጨምርላት፣ አንዱ ለእኔ እንዲተካልኝ። ከጮሌ ወረዳ የመጡ ዘመዳችን ጥሬ ጉበት ይዘው መጥተው ስትበላ ካላየሁ አልሄድም አሉ። አንዷ ጎረቤቴ ማልት በእንቁላል መታችልኝ። ሌላዋ ቴሌግራም ላይ አይታ ምስማር ቀቅላ ውሃውን በቴርሞስ አመጣችልኝ። «ብረት ነው የጎደለሽ ቲቸር፣ ጠጪው፣ አዲስ ምስማር ነው» አለችኝ፤ ዝገት ያስፈራኝ መስሏት።

እኔም ባለሙያ ነኝና አስረዳለሁ። ብረት አይደለም የጎደለኝ፤ ሕዋሶቼ ቶሎ ይሰበራሉ፣ ብረቱ ግን እዚያው ይቀራል እላለሁ። ጎረቤቶቼ በአክብሮት ያዳምጡኛል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ ቴርሞሱን ወደ እኔ ገፋ ያደርጋሉ። ጤና ጣቢያም ያው ነው። ካርዴ ላይ «ደም ማነስ» ተብሎ ተጻፈና የብረት እንክብል ተሰጠኝ። ሲክል ሴል ነኝ ስላት አዋላጇ ካርዱን አገላብጣ አየችው። «እሱ እኮ ለፈተና ነው የሚመጣው» አለች።

ሆስፒታል ስሄድ ግን የሚያውቀው ሐኪም አገኘሁ። ከማወቁም በላይ ደስ አለው። ስልክ ደወለ፤ ነጭ ጋዋን የለበሱ ስድስት ሰልጣኞች ገቡ። በሽታውን በአካል አይተው ስለማያውቁ በየተራ ሆዴን እየዳሰሱ ጣፊያዬን ፈለጉ፤ አንዳቸውም አላገኙትም። በዚህ በሽታ ጣፊያ ገና በልጅነት ደርቆ እንደሚጠፋ ሐኪሙ በኩራት ሲነግራቸው ሁሉም ጻፉ። አንዱ ፎቶ ላንሳሽ ወይ አለኝ። ጣፊያዬ የሌለበትን ቦታ ነበር ሊያነሳ የፈለገው።

ሐኪሙ ካስወጣቸው በኋላ ወንበሩን ሳበና ቀልዱን ተወ። ፎሊክ አሲድ በየቀኑ፣ ውሃ በቀን ሦስት ሊትር፣ ብርድ በፍጹም፣ ትንሽ ትኩሳት ወይም ሕመም ሲሰማሽ ወዲያው መምጣት ነው አለ። «ሌላው ደግሞ ደም ነው። መውለጃሽ ሲደርስ ደም መውሰድሽ አይቀርም። ዓይነትሽ ኦ ኔጋቲቭ ነው፤ የምትወስጂውም እሱኑ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ባንክ ውስጥ አይገኝም። ሁለት ሰው ከአሁኑ አዘጋጂ። ካልተዘጋጀ አንቺንም ልጁንም ልናጣ እንችላለን።» አባባሉ ጨካኝ አልነበረም። እቤት እስክደርስ ግን «ሁለት ሰው» እያልኩ የማውቀውን ሰው ሁሉ ስቆጥር ሄድኩ።

ባሌ ደም ፍለጋ ወጣ። የራሱ ኤ ፖዘቲቭ ነው፤ ላሚኔት ያስደረገው ደም ለእኔ አልሆነም። መጀመሪያ የሄደው ወደ እድር ነው። የእኛ እድር ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም የያዘ፣ የተከበረ እድር ነው፤ ብሞት ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብርድ ልብሱ፣ ሁሉም ተራውን አውቆ ይመጣል። የኮሚቴው ጸሐፊ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አነበበና ላልሞተ ሰው የሚደረግ እርዳታን የሚመለከት አንቀጽ አጣ። ሊቀ መንበሩ «ጉዳዩ ቢከሰት ግን ሙሉ አባል ይወጣል» ብሎ አጽናናው። ጉዳዩ የእኔ መሞት ነው።

አባላቱ ግን ጨካኞች አልነበሩም። በግ እናርድላት አሉ፣ ጸሎት ይደረግላት አሉ፣ ዱዓ ይደረግላት አሉ። ደም ሲባል ግን ከተማው በሙሉ አመመው። አንዱ ስኳር አለብኝ አለ፣ አንዱ ጫት ስለምቅም ደሜ ቀጭን ነው አለ። ስንዴ በጀርባው ሲጭን የሚውለው ጎረቤታችን ደግሞ መርፌ ሲያይ እንደሚወድቅ ነገረው። ደፋሮቹ አምስት ሰዎች ሄደው ቢመረመሩ አንዳቸውም ኦ ኔጋቲቭ አልሆኑም። ባሌ በመጨረሻ እህቱን ጠየቃት። «የደምሽ ዓይነት ምንድን ነው?» «አላውቅም» አለች፣ የጫማዋን ክር እያሰረች። አመናት። ማመን ስለፈለገ ይመስለኛል።

እኔ ግን አወቅሁ። እርግዝናዬ አምስት ወር ሲሆነው ብርድ ልብስ ፍለጋ ቁም ሣጥኗን ስከፍት የክለቧን የሕክምና ካርድ አገኘሁ። ፎቶዋ፣ ክብደቷ፣ አሥራ ስድስቷ፣ ከሥሩ ደግሞ በሰማያዊ እስክሪብቶ ኦ ኔጋቲቭ። ካርዱን እንደነበረ መለስኩት፤ ቁም ሣጥኑን ግን መዝጋት ረሳሁ። ማታ ቁም ሣጥኗ ክፍት መሆኑን አየች፣ እኔም ስታይ አየኋት። እሷ ቁም ሣጥኑን ዘጋች፣ እኔ ወደ ጓዳ ሄድኩ።

ለምን ዝም እንዳልኩ ያን ጊዜ ለራሴ በደንብ አስረድቼዋለሁ። ልጅቷ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። መስከረም ላይ ክለቡ ማንን ይዞ ማንን እንደሚያሰናብት የሚወሰንበት ውድድር አለ፤ ከሮጠች ደመወዝ፣ ምናልባትም ወደ ውጭ መውጫ፣ ካልሮጠች ምንም። አንድ ከረጢት ደም የሰጠ ሯጭ ሳንባው እያለ አየር ያጥረዋል፤ ወደነበረበት የሚመለሰው ከሳምንታት በኋላ ነው። ይህንን ለተማሪዎቼ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ሰው ከሰው ስኳር ይበደራል፣ ወንፊት ይበደራል። እንጀራሽን ስጪኝ ተብሎ እንዴት ይጠየቃል? ሆድ ይፍጀው አልኩና ጨዋ በመሆኔ ራሴን አመሰገንኩ።

ከዚያ በኋላ በአንድ ቤት እየኖርን መሸሻሸግ ጀመርን። እሷ ቀይ ሥሯን በአንድ ትንፋሽ ጠጥታ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች። እኔ ወደ ሳሎን ስገባ እሷ ወደ ጓዳ፣ እኔ ወደ ጓዳ ስሄድ እሷ ወደ ግቢ። አማቴ ሁለታችንንም እያዩ ይተክዛሉ። እሳቸውም ያውቁ ነበር፤ አሥራ ስድስትን ለሰፈር ያወጁ ሴትዮ ካርዱ ላይ ከሥሩ ያለውን መስመር ሳያስነብቡ አልቀሩም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አሰልጣኟ መጣ። የሩጫ ሰዓቱ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ይህ ሰው ለቀብርም ያንኑ ሰዓት ሳያወልቅ እንደሚሄድ አይቻለሁ። አማቴ ሻይ ቀዱለት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ስንዴው ዋግ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቲቸር፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ለሯጭ ደም ማለት ነዳጅ ማለት ነው።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

«እዚህ ሰፈር ደም ይፈለጋል ሲባል ሰማሁ። እና… እንዲያው መውለጃሽ መቼ ነው?»

«ነሐሴ መጨረሻ፣ ካልሆነም ጳጉሜ።»

ሰዓቱን በጣቶቹ እያገላበጠ አሰበ። «ውድድሩ መስከረም አሥራ ስምንት ነው። እንደው ትንሽ ወዲያ ማድረግ አይቻልም? ሁለት ሦስት ሳምንት ብቻ። ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ ይዣት እመጣለሁ።»

አማቴ ሻዩን ሲቀዱ ሞልቶ ፈሰሰባቸው። እኔ ልስቅ ነበር፣ ሰውየው ግን ከልቡ ነበር። በሕይወቱ ሁሉንም ነገር በደቂቃና በሰከንድ ሲያሻሽል የኖረ ሰው ልጄንም አንድ ቀጠሮ አድርጎ ነው ያየው። «ልጁን አነጋግሬ እነግርሃለሁ» አልኩት። ከዚያ ፊቱ ሲቀላ አይቼ አዘንኩለትና «አልጠይቃትም። ቃሌ ነው» አልኩ። በዚህ መሀል ልጅቷ ከልምምድ ተመልሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰምታለች። ጭቃ የነካውን ጫማዋን ይዛ ወደ ቧንቧው ሄደች።

ነሐሴ ገባ። አሰላ በነሐሴ ከሰማይ የሚወርደውን ሁሉ ያወርዳል፤ ዝናብ፣ በረዶ፣ ጭጋግ። የእኛ ሽንት ቤት ግቢው ዳር ነው። ሦስት ሊትር ውሃ የጠጣች፣ ስምንት ወር ያለፋት ሴት በቀን ስንት ጊዜ በዚያ ዝናብ እንደምትመላለስ አስቡት። እኔ አሰብኩና ውሃውን ቀነስኩ። የባዮሎጂ መምህርት፣ ውሃ ሲያንስ ምን እንደሚሆን በሰሌዳ ላይ ስዕል የምትስል ሴት፣ ሽንት ቤት ሩቅ ነው ብዬ ውሃ ቀነስኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከወገቤ ጀምሮ ሁለቱም ጭኖቼ ተያዙ።

ባጃጅ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደጮህኩ አላስታውስም። ባሌ ሹፌሩን ቀስ በል ሲለው ቶሎ በል እላለሁ፣ ቶሎ በል ሲለው ቀስ በል እላለሁ። ሆስፒታል ስንደርስ የተቀበለችን ነርስ ሆዴን ነካ አድርጋ ምጥ እንዳልሆነ አረጋገጠች። «ታዲያ ምን ያስጮህሻል? የቆላ ሰው ደግሞ ብርድ አይችልም» አለች። ሞርፊን ስጪኝ አልኳት። ዓይኗ ጠበበ። የመድኃኒቱን ስም ማወቄ አላማራትም፤ ሱሰኛ መሰልኳት። በዚያች ሰዓት ከሕመሙ ይልቅ ያስለቀሰኝ እሱ ነው፤ አለመታመን። ሐኪሙ ሮጦ ባይመጣ ኖሮ ያንን ቀን በጥርጣሬ መዝገብ እንደተመዘገብኩ እጨርሰው ነበር።

ደሜ አምስት ገብቷል። ልጁ እንዳይታፈን ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል፣ ከቀዶ ጥገናው በፊት ግን ቢያንስ ሁለት ከረጢት ደም። አንዱ አዳማ ተገኝቶ በመኪና እየመጣ ነበር። ሁለተኛው የለም። ባሌ ስልኩን ይዞ በየቴሌግራም ቡድኑ ይለምን ጀመር።

አማቴ እግሬን ጭናቸው ላይ አድርገው በብርድ ልብስ ሥር ያሹኛል። የአሰላ ሰው ሕመም ላይ ብዙ አያለቅስም፤ እሳቸው ግን ፊታቸው በእንባ ታጥቧል። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ማሎ፣ እባክሽ እንዳትሞቺብኝ» ይሉኛል። ከዚያ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ «ደሙ አለ እኮ። እቤታችን አለ» አሉኝ።

«አውቃለሁ እማማ። እንዳይነግሯት።»

ተነስተው ወጡ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ተመለሱ። ስልኩን አውጥተው፣ የልጃቸውን ቁጥር ፈልገው፣ መልሰው ኪሳቸው እንደከተቱት የነገሩኝ ከወራት በኋላ ነው። ከሁለት ልጅ ምረጪ የተባለች እናት ምን ታድርግ? እኔ አልተቀየምኳቸውም። ያን ቀን ግን እጃቸው ባዶ ሆኖ ሲመለሱ አይቼ ወንድሜን አስታወስኩት፣ ፈራሁም። ሆዴ ውስጥ ያለው ልጅ ይገላበጥ ነበር። እሱን ይቅርታ ጠየቅሁት።

በማግስቱ ሁለተኛው ከረጢት ተሰቀለልኝ። ከየት እንደመጣ ስጠይቅ «ለጋሽ ተገኘ» ብቻ አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ልጄ ተወለደ፤ ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም፣ ጩኸቱ ግን ከዚያ በላይ ይመዝናል። ሁለታችንም ተረፍን።

የለጋሹን ማንነት የነገረችኝ ደሙን የቀዳችው ነርስ ናት። ልጁን ለማየት ብላ አራተኛው ቀን ላይ ዋርዱ ድረስ መጣችና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እየሳቀች አወራችኝ። ደም ለመስጠት አርባ አምስት ኪሎ መሙላት ግዴታ ነው። ልጅቷ አርባ አራት ከምናምን ናት፤ ለአንድ ግራም ጭማሪ ሁለት ዓመት ሙሉ አሰልጣኟ ሲቆጣት የኖረች። ደም ባንክ ስትመጣ በር ላይ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ጨርሳ ነው የገባችው። ሚዛን ላይ ጃኬትሽን አውልቂ ሲሏት በርዶኛል አለች። ሚዛኑ አርባ አምስት ከግማሽ አነበበ። ደሙ ተቀድቶ ሲያልቅ ጃኬቷ ከወንበሩ ወደቀና ወለሉ ደወል ያህል ጮኸ። ኪሶቿን ቢያዩ በእያንዳንዱ አንዳንድ ከባድ የብረት የኮምባይነር ኩሽኔታ። ከወንድሟ ሱቅ ነው የወሰደችው፤ በጠዋት ገብታ፣ ሳትነግረው።

«ብንቆጣም ደሙን ወደ እጇ አንመልሰው» አለች ነርሷ። «ብስኩትና ሻይ ሰጠናት። ብስኩቱን አልበላም አለች፣ ስኳር ስለሆነ።»

ሳቅሁ፣ የተሰፋሁት ቦታ ሊተረተር እስኪደርስ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ በምን ሰዓት ወደ ለቅሶ እንደተለወጠ አላወቅሁም። ያን ሁሉ ወር ሰፈሩ ብረት ሲያጠጣኝ ቆይቶ፣ የጠቀመኝ ብረት ያ ኪሷ ውስጥ የነበረው ብቻ ነው።

መስከረም አሥራ ስምንት ሮጠች። እቤት ሆነን በስልክ ተከታተልን። እስከ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ከመሪዎቹ ጋር ነበረች። ከዚያ ካሜራው ሄደ፣ እሷ ቀረች። ሠላሳ ሁለተኛ ወጣች። በጥቅምት ክለቡ አሰናበታት። አሰልጣኙ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሻይ ጠጥቶ አያውቅም።

የአሰላ ሰው ስለ ሩጫ የማይሰጠው አስተያየት የለም፤ ለምን እንደቀረችም አስረዳ። ስልክ አበዛች ተባለ። ፍቅር ይዟታል ተባለ። በዘጠና ስድስት አንድ ውድድር ያሸነፈ አጎት ያለው የሰፈራችን ባለ ሱቅ እግሯ ስለወፈረ ነው አለ። ደም ሰጥታ ነው ብዬ ለሁለት ሰዎች ተናገርኩ። «ደም ይተካል እኮ» አሉኝ፤ እነዚያው ስኳር አለብን፣ ደማችን ቀጭን ነው ያሉት ሰዎች። የእኔን መትረፍ በተመለከተ ደግሞ ክርክር የለም። ምስማሩ ነው ያዳናት ይባላል፤ ጎረቤቴ በዚህ ሥራዋ እስከ ሁሩታ ድረስ ትታወቃለች።

ልጄ ተመርምሯል። ከእኔ ግማሹን ወርሷል፣ ተሸካሚ ነው፣ አይታመምም። ባሌ ይህንንም ወረቀት ላሚኔት ሊያስደርግ ሲል ከለከልኩት።

ልጁ ሦስት ወር ሲሞላው፣ አንድ ፀሐያማ ጠዋት፣ ግቢ አወጣሁት። የባሌ እህት ብቻዋን ሮጣ ተመልሳ ቧንቧው ጋ ጫማዋን ታጥባለች። አሁንም ትሮጣለች፤ የሚለካላት ግን የለም። ለምን እንደጠየቅኋት አላውቅም። ሰው እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚጠይቀው «ኧረ በፍጹም» እንዲባል ነው።

«ቆጭቶሻል?» አልኳት።

ቀና አለች። «አዎ» አለችኝ። «በጣም ነው የቆጨኝ ቲቸር። ጠዋት ልጆቹ በበራችን ሲያልፉ የእግራቸውን ድምፅ ስሰማ ውስጤ ይቃጠላል።»

ልጁን ወደ ሌላው ክንዴ አዛወርኩት። ይቅርታ ልል ፈለግሁ፣ ቃሉ ግን ለዚያ ነገር ትንሽ ሆነብኝ።

«ታዲያ ለምን ሰጠሽኝ?»

«ስላልጠየቅሽኝ ነዋ።» ጫማውን አራግፋ ውሃውን አፈሰሰች። «በየቀኑ እጠብቅሽ ነበር። ዛሬ ትጠይቀኛለች፣ እንዲህ ብዬ እምቢ እላታለሁ እያልኩ ቃሉን ሁሉ ሰብስቤ ነበር። ብትጠይቂኝ እምቢ እልሽ ነበር። እምቢ ካልኩሽ በኋላ ደግሞ በየትኛው ፊቴ እመጣለሁ? አልመጣም ነበር። ትሞቺ ነበር።»

ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ያልኩት ለእሷ አስቤ መስሎኝ ነበር። ጨዋነት ነው ብዬ ራሴን ያመሰገንኩበት ነገር፣ እዚያ ፀሐይ ላይ ልጄን ታቅፌ ቆሜ ሳየው፣ ጨዋነት አልነበረም። እምቢ እንዳትለኝ ፈርቼ ነው። ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለችና እጇን ጠራርጋ ልጁን ተቀበለችኝ።